አዲስ ጠመንጃ ባሌን አያውቀውም

ሐረር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1935 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ አባይነህ፤ ዓደን።

መድኃኔ ዓለም በባሕርም በየብስም ይጠብቅዎ። እናቴም፣ እኔም፣ ሦስት ዓመት የሞላው ልጄ ለገሠም ደኅና ነን። ዓደን መግባትዎን የሰማነው ከእርስዎ ሳይሆን ከአንድ ፍየል ነጋዴ ነው። ይሁን፤ አባቴ እንደ ልጃቸው ያሳደጉት የእህታቸው ልጅ በሕይወት መኖሩ ይበቃናል። ቅያሜውን ሲመጡ እንወቃቀሳለን።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እናቴ የአባቴን ለቅሶ ልታወጣ ተነሥታ ነበር። እንደሚያውቁት አባቴ ባላምባራስ ሳህሉ በ1928 ኦጋዴን ላይ ሲወድቁ ሬሳቸው አልመጣልንም፤ የመጣልን ምንሽራቸው ብቻ ነው። ወዲያው ጣሊያን ገባ፤ ጠመንጃ የተገኘበት ይሰቀላል ተባለ። እርስዎ ራስዎ በሞራ ለውሰው፣ በቆዳ ጠቅልለው ሐኪም ጋራ ጓሯችን ከወይራው ሥር ቀበሩት። እኛም ነጠላችንን አፋችን ውስጥ ጎስጉሰን ጓዳ ውስጥ አለቀስን። ያ ለቅሶ ይባላል? የወንድ ለቅሶ ጠመንጃው ተገልብጦ ሲወጣ፣ አልቃሽ ስሙን ስትጠራ፣ አገር ሲሰማ ነው እንጂ!

ይኸው ጣሊያን ሄደ። ድንኳን ተለመነ፣ ጠላ ተጠነሰሰ፣ ትናንት ምንሽሩን ልናወጣ ቆፈርን። ቆዳው አለ፤ ምንሽሩ የለም። ያ ሰደፉ ተሰንጥቆ የኤረር በሩ ብር ሠሪ አው ሙሜ በብር ሽቦ የጠመጠመው ምንሽር ድራሹ ጠፋ። እናቴ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ «አባይነህ ያውቃል» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም።

የሚያውቁ ከሆነ ይጻፉልን። ድንኳኑን መልሰናል። ጠላውን የሰፈር ሰው ጠጣልን።

እህትዎ ገላነሽ ሳህሉ


ዓደን፣ ጥር 20 ቀን 1935 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለገላነሽ።

አስቀድሜ የእናትሽን የእሜቴ ሮማነወርቅን ጉልበት ከባሕር ማዶ እስማለሁ። እኔ ከዚህ አገር ሙቀት በቀር ክፉ አልነካኝም። ሐረር በሚሲዮን ቤት የተማርኩት ፈረንጅኛ ጠቅሞኝ ከአንድ የመርከብ ወኪል ዘንድ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ውሃና ከሰል ፈልጎ መርከብ በቆመ ቁጥር በጀልባ እወጣና ምን እንደጫነ፣ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚያልፍ እመዘግባለሁ።

ምንሽሩን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አልዋሽሽም። መንገዱ ሽፍታ በሽፍታ ስለነበር ለነፍሴ መከላከያ ያዝኩት። በርበራ ስደርስ በታመነ ሰው ልመልሰው ነበር። ጅጅጋ ላይ ግን እንግሊዝ የመንገደኛውን መሣሪያ ሁሉ ሲሰበስብ የእኔንም ወሰደ። ደረሰኝ ሰጥተውኛል። አገር ሲረጋጋ ለባለቤቱ ይመለሳል ብለዋል፤ እንግሊዝ ደግሞ በወረቀት ያሰፈረውን አይክድም። እሜቴ ጥቂት ይታገሡኝ።

ጠመንጃ ካነሣሽ ዘንድ፣ በዚህ ወር ወደ አገራችን የሚሻገሩ ሣጥኖችን አይቻለሁ። ጥቂት ናቸው፤ ያውም አሮጌ። አንዳንዱ ሰደፍ ላይ የሌላ አገር ወታደር ስሙን በቢላ ቀርጾበታል። ከሰው ጦርነት የተረፈ ትርፍራፊ ነው። ግን ከባዶ እጅ ይሻላል።

ወንድምሽ አባይነህ


ሐረር፣ ሰኔ 3 ቀን 1936 ዓ.ም.

ለጋሼ አባይነህ።

በክረምቱ ደጃፍ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እናቴ ደብዳቤዎን አሥር ጊዜ አስነብባኝ በቃሏ ያዘችው። ቤት ለገባ ሁሉ «ደረሰኝ አለው፤ የእንግሊዝ ደረሰኝ» ትላለች። ድፎ ደፍታ ለጎረቤት አደለች። ሰው በደረሰኝ ድፎ ሲደፋ ያየሁት በእናቴ ነው።

ታዲያ የእንግሊዝ «ሲረጋጋ» መቼ ነው? እርስዎ እኮ ከእንግሊዝ ጋር እየዋሉ ነው የሚያድሩት። አንዱን ሹም ጠጋ ብለው አይጠይቁትም? እናቴ ምንሽሩ ካልመጣ ድንኳን አላስተክልም ብላለች። ሐዘኗን እንደ ታጠፈ ልብስ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ ትጠብቃለች።

አው ሙሜ በየሳምንቱ ሊጠይቃት ይመጣል። አባቴን ይወዳቸው ነበር። ስለ ደረሰኙ ስትነግረው አንገቱን ደፍቶ የጫማውን አፍንጫ ያያል፤ «ኢንሻአላህ» ብሎ ተነሥቶ ይሄዳል። ምን ሆኖ እንደሆነ እንጃለት።

ገላነሽ


ዓደን፣ የካቲት 8 ቀን 1940 ዓ.ም.

ለእህቴ ለገላነሽ።

አራት ዓመት ሙሉ ዝም ያለ ሰው በምን አፉ ሰላም ይላል? ግን ሰላም ለቤታችሁ። ታምሜ ነበር፤ ሥራም በዝቶብኝ ነበር። ሌላም ሌላም።

ስለ ደረሰኙ ጠይቄአለሁ። መዝገቡ ወደ ናይሮቢ ሄዷል፣ ከዚያም ወደ ሎንዶን ይሄዳል ይላሉ። ቢሮ ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ።

አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል፤ ስሚኝ። ድሮ የነገርኩሽ ትርፍራፊ ቀርቷል። ዘንድሮ ወደ አገራችን የሚያልፈው ከቼኮች አገር የመጣ አዲስ ነው፤ የፋብሪካ ቅባቱ እጄ ላይ ሦስት ቀን ሸተተ። ሣጥኑም እንደ ድሮው ሃያና ሠላሳ አይደለም፤ ግማሹን ቀን ስቆጥር ዋልኩ። ልቤ ሞቀ፤ አልደብቅሽም። ይህ ሁሉ በ1928 ቢኖር ኖሮ አጎቴ አይወድቁም ነበር አልኩ።

እንዲህ አሰብኩ። ከመርከብ ሹሞች አንድ ወዳጅ አለኝ። አንድ አዲስ ጠመንጃ በሕጉ አስፈቅጄ ልላክላችሁ። ለእሜቴ ንገሪያቸው፤ ለቅሶው ይውጣ፣ ነፍሳቸው ይረፍ። ሕዝብ በተሰበሰበበት ማን ለይቶ ያያል?

አባይነህ


ሐረር፣ መስከረም 19 ቀን 1941 ዓ.ም.

ለጋሼ አባይነህ።

እንኳን ለመስቀል አደረሰዎ። መልሱን እናቴ ራሷ ነግራኛለች፤ እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ። «እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፣ አንድ ቃል አታሳምሪ» ብላኛለችና እነሆ።

«ልጄ አባይነህ፤ እጄ ላይ ያደግህ ነህና አልረግምህም። አዲስ ጠመንጃ ባሌን አያውቀውም። ባሌ ያልታቀፈውን፣ ላቡ ያልነካውን ብረት ገልብጬ ማንን ላለቅስ ነው? የቼክን ንጉሥ? ሕዝብ ለይቶ አያይም አልክ። እኔ አያለሁ። የሣጥንህን ብዛት ለመንግሥት ንገር፤ ይደሰት። እኔ የምፈልገው አንድ ነው፤ ሰደፉ በብር ሽቦ የታሰረውን።»

ይህን ስታስጽፈኝ አው ሙሜ አጠገቧ ነበር። ብድግ ብሎ ወጣ፤ ቆቡን እንኳ ረስቶ ሄደ። ለገሠ በሩጫ ኤረር በር ድረስ ወስዶ ሰጠው።

ለገሠ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ትምህርቱ ደኅና ነው፣ አፉ ግን እኔን አይቶ ነው።

ገላነሽ


ሐረር፣ ግንቦት 2 ቀን 1947 ዓ.ም.

ለጋሼ አባይነህ፤ ይቀመጡና ያንብቡ።

እናቴ ሚያዝያ 21 ቀን ዐረፈች። ሳንባዋን ነው ያሉት። በመጨረሻው ሌሊት አእምሮዋ መለስ ሲል «ድንኳኑ ተተከለ?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ተተክሏል እማዬ» አልኳት። «ምንሽሩስ?» አለች። ዋሸኋት ጋሼ፤ «መጥቷል» አልኳት። አሳዪኝ ብትለኝ ምን እሆን ነበር? አላለችኝም። ዓይኗን ጨፈነች።

ቀብሯ ላይ ከዘመድ ሁሉ አብልጦ ያለቀሰው አው ሙሜ ነው። ግንብ ተደግፎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሰው ሁሉ እንዴት ያለ ጎረቤት ነው አለ።

አሁን ባለጉዳዩ እኔ ነኝ። የእሷም የአባቴም ለቅሶ በእኔ ላይ ነው። ያንን ደረሰኝ በታመነ ሰው ይላኩልኝ። እዚህ የእንግሊዝ ቆንስል አለ፤ እኔ ራሴ በሩ ላይ ቆሜ እጠይቃለሁ። የእርስዎን ያህል ትዕግሥት የለኝም።

ገላነሽ


ዓደን፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1948 ዓ.ም.

ለእህቴ ለገላነሽ።

እሜቴን ነፍስ ይማርልን። ለአንቺም መጽናናቱን ይስጥሽ። ደብዳቤሽን ከስምንት ጊዜ በላይ አነበብኩት። መልስ ጽፌ ቀደድኩ፣ ጽፌ ቀደድኩ፤ የዘገየሁት በዚህ ነው።

ደረሰኙ የዓደን ወበቅ በልቶት ፊደሉ አይነበብም። ብልከውም አይጠቅምሽም።

እኔ አሁንም ያው ሥራ ላይ ነኝ። አሜሪካኖች ከመንግሥታችን ጋር ከተዋዋሉ ወዲህ የማየው ሁሉ ሌላ ነው። ዋናው በምጽዋ በኩል ነው የሚገባው፤ መርከቦቹ ግን አንዳንዴ እዚህ ይቆማሉ። ጠመንጃው በራሱ የሚጎርስ ነው፤ መኪናው፣ መድፉ፣ ታንክ የሚሉት የብረት ጎሽ የመሰለ ነገር ሁሉ በሸራ ተሸፍኖ ይታየኛል። የቼኩ ጊዜ ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ቆጠራ አሁን ሦስት ቀን ይፈጃል። ይህ ሁሉ ብረት የገባበት አገር ከእንግዲህ ማን ይደፍረዋል?

ለለገሠ የእጅ ሰዓት ልኬአለሁ።

አባይነህ


ሐረር፣ ጥር 6 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለጋሼ አባይነህ።

የጌታን ልደት በደኅና እንዳሳለፉት ተስፋ አለኝ። ደረሰኙን ወበቅ በላው ያሉኝን ሁለት ዓመት አላመጥኩት፤ አልዋጥልሽ ቢለኝም ተውኩት። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላ ነው።

ለገሠ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈው። እዚሁ ሐረር አዲስ የተከፈተው የጦር አካዳሚ ካልገባሁ ብሎ ምግብ አልበላም። «የባላምባራስ ሳህሉ የልጅ ልጅ ነኝ» ይለኛል። አባቱ በቀለ በሕይወት ቢኖር ይመክረው ነበር፤ ተስቦ ከወሰደው አሥር ዓመቱ። እኔ መምህር እንዲሆን ነበር ፍላጎቴ። አንድ ነው ያለኝ። አባቴን ኦጋዴን በላው፤ ልጄን ደግሞ በሳህን አላቀርብለትም።

አባት ለሌለው የእናት ፊርማ ይፈልጋሉ። እስክርቢቶው እጄ ላይ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ መርከቡን ያያሉ፣ ሣጥኑን ይቆጥራሉ፣ ከፈረንጅ ጋር ይውላሉ። በእናቴ ነፍስ ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ጦርነት ይመጣል ወይስ አይመጣም? ይመጣል ካሉኝ አልፈርምም፤ ቢጠላኝም ይጥላኝ። አይመጣም ካሉኝ እፈርማለሁ። የእርስዎን ቃል እጠብቃለሁ።

ገላነሽ


ዓደን፣ የካቲት 1 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለእህቴ ለገላነሽ።

የአንቺ ደብዳቤ በደረሰኝ ማግስት መልስ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ብሎኝ ነው፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ የምትጠይቂኝን አውቃለሁና።

ጦርነት አይመጣም። ፈርሚ። አሥራ አምስት ዓመት ቆጥሬአለሁ። ሠላሳ አሮጌ ሣጥን በነበረን ጊዜ ፈራሁ፤ ዛሬ የሚገባውን ለመቁጠር ረዳት ጨምረውልኛል። ጎረቤቱ ምን አለው? ምንም። ብረት ያለው አይነካም። ለገሠ ደንብ ልብስ ለብሶ፣ ደመወዙን በልቶ፣ ሰልፍ አሳምሮ ያረጃል። አዲሱ ሠራዊት እንደ አጎቴ ዘመን ጀግንነት ብቻ ይዞ የሚወድቅ አይደለም።

በእሜቴ ነፍስ ስለያዝሽኝ በእሜቴ ነፍስ እመልስልሻለሁ።

አባይነህ


ሐረር፣ መጋቢት 17 ቀን 1956 ዓ.ም.

አባይነህ ሆይ፤ ሰላም ብዬ ልጀምር አልቻልኩም።

መቶ አለቃ ለገሠ በቀለ የካቲት 2 ቀን ከጅጅጋ ማዶ ድንበሩ ላይ ወደቀ። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። መርዶውን ሌሊት አሥር ሰዓት ሁለት መኮንኖች አረዱኝ፤ አንደኛው ራሱ ልጅ ነው፣ እኔን ትቶ አለቀሰ።

ሬሳውን አምጥተውልኛል። ከአባቴ ይሻላል፤ መቃብር አለው። ሰዓትዎን በኪሱ አገኘሁት። የያዘውን ጠመንጃ ለለቅሶው ስጡኝ ብዬ ለመንኩ፤ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ለሌላ ተሰጥቷል አሉኝ። በትሕትና ነው ያሉኝ። ምን ያድርጉ፤ ጠመንጃው ሥራ አለበት።

ስለ ለቅሶው አልጽፍልዎትም። ፈርሚ ስላሉኝም አልወቅስዎትም፤ እስክርቢቶው በእኔ እጅ ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። እንግሊዝ የአባቴን ምንሽር የወሰደብዎ የት ላይ ነው? ደግመው ይጻፉልኝ።

ገላነሽ


ዓደን፣ ኅዳር 21 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእህቴ ለገላነሽ።

ስምንት ወር እንቅልፍ አጥቼ ነው ይህን የጻፍኩት። ሰላምታ ለመስጠት መብት የለኝም።

እንግሊዝ አልወሰደብኝም። ጅጅጋ የደረስኩት ባዶ እጄን ነው። ደረሰኝ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም።

በ1933 ከከተማው ልወጣ ስነሣ ለመንገድ ሰባራ ሳንቲም አልነበረኝም። እሜቴን ብጠይቅ አትሂድ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ምንሽሩን አውጥቼ ለአው ሙሜ ወሰድኩት። በመያዣነት አበደረኝ። «በዓመቱ እመለሳለሁ፤ እኔ ራሴ መጥቼ እስክወስደው ለማንም እንዳታሳይ፣ ለማንም እንዳትናገር» አልኩት። እጁን ቁርኣኑ ላይ አድርጎ «አማና ነው፤ አደራህን አልበላም» አለኝ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ከቤታችሁ ሦስት መቶ እርምጃ ርቆ ተቀምጧል።

የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ አጣሁ። የጉድጓዱን ነገር ስትጽፊልኝ አፍሬ ዋሸሁ። ከዋሸሁ በኋላ ገንዘቡ ቢኖረኝም ውሸቱን ሳላወጣ ምንሽሩን ማውጣት አልቻልኩም። አንድ መስመር ደብዳቤ ለአው ሙሜ ብጽፍለት ይበቃ ነበር፤ «ስጣቸው» የምትል። እሜቴ ያቺን መስመር አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቁ።

ሁለተኛው በደሌ ከመጀመሪያው ይከፋል። ሃያ ዓመት ሣጥን ቆጠርኩ፤ መጀመሪያ አሮጌ፣ ቀጥሎ አዲስ፣ ቀጥሎ ከባድ። አንድም ዓመት ጎድሎ አያውቅም። በበዛ ቁጥር ሰላም ቀረበ ብዬ ተረጎምኩት፤ በዚያው ትርጉም ልጅሽን አስፈረምኩሽ። ለካ ሣጥን የሚላከው ሊከፈት ነው! አሁን ደግሞ ከሩሲያ የሚመጡ መርከቦች እዚህ ውሃ ቀድተው ወደዚያኛው ወገን፣ ወደ በርበራ ያልፋሉ። እነሱንም እኔው እመዘግባለሁ። እጄ አንድ ነው፣ ቀለሙም ያው ነው።

ለአው ሙሜ ዛሬውኑ እጽፍለታለሁ። ይቅርታ አልለምንሽም።

አባይነህ


ጅቡቲ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1961 ዓ.ም.

ለእህቴ ለገላነሽ።

አምስተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ ለአራቱ መልስ አላገኘሁም። እንግሊዝ ከዓደን ሲወጣ እኔም ወጣሁ። የስዊዝ ቦይ ተዘግቶ መርከብ ጠፍቷል፤ የምቆጥረው የለኝም። እግሬም አብጧል። አው ሙሜም አንድ ቃል አልመለሰልኝም። ምንሽሩ ደርሶሽ እንደሆነ ብቻ አንድ መስመር ጻፊልኝ። አሁን አንድ መስመር መጠበቅ ምን እንደሆነ አውቄአለሁ።

አባይነህ


ሐረር፣ ግንቦት 4 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለአባይነህ።

ዛሬ አንተ ልልህ ነው። «እርስዎ» እያልኩ ሠላሳ ዓመት ኖርኩ፤ ከእንግዲህ አንደበቴ እሺ አይለኝም። ተቆጥታ ነው ብትል ትሳሳታለህ፤ ወንድሟ ስለሆንኩ ነው ብትልም ትንሽ ትሳሳታለህ። ሁለቱም ነው።

አው ሙሜ ባለፈው ጥር ዐረፈ። የምጽፍልህ ስለዚህ ነው።

የዛሬ አሥር ዓመት፣ የለገሠ ሣልስት ቀን ነበር። ሰው ድንኳኑን ሞልቶታል፤ አልቃሿ የምትይዘው ነገር አጥታ የልጁን ኮፍያ ይዛ ትዞራለች። አው ሙሜ በነጭ ሸማ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ገባ። ገለጠው። ሰደፉን አየሁ፤ ብር ሽቦውን። ጉሮሮውን ላንቀው ተነሣሁ፤ ያዙኝ። እሱ ግን እንባው በጢሙ እየወረደ እንዲህ አለኝ፦ «ገላነሽ፣ ዛሬ አማና አፈረስኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። አባይነህ እስኪመጣ ለማንም አላሳይም ብዬ ምዬ ነበር። እናትሽ ደረሰኙን ስታወራ ምላሴን ነከስኩ። ስትሞት ልቤ ተሰነጠቀ፣ አሁንም ዝም አልኩ። ወላሂ፣ ይህን ልጅ ግን በኮፍያ አታልቅሱት። ቆቤን በሩጫ ያመጣልኝ ልጅ ነው።»

ምንሽሩ ተገልብጦ ወጣ። አልቃሿ በአንድ ምንሽር ሁለት ስም ጠራች፤ ባላምባራስ ሳህሉ፣ መቶ አለቃ ለገሠ። ሃያ ስምንት ዓመት የዘገየ ለቅሶ በልጄ ለቅሶ ላይ ወጣ። የጎደለችው እናቴ ብቻ ናት። መድኃኔ ዓለም ይቅር ይበለን፣ የጎደለችው ደግሞ የጠበቀችው ናት።

እንግዲህ ያኔ መጋቢት ላይ «የት ላይ ወሰዱብዎ» ብዬ ስጽፍልህ ሁሉን አውቄ ነበር። ጅጅጋ ላይ ብለህ ደግመህ ብትጽፍ ኖሮ ስምህን ከአፌ አወጣው ነበር። አልደገምክም። ያን ቆጥሬልሃለሁ።

አሁን የሚያስቅህን ልንገርህ። በለገሠ አርባ አው ሙሜ መጣና «ምንሽሩን መልሺልኝ» አይለኝም? «የአባቴን ጠመንጃ ለእኔ ታውሰኛለህ?» ብዬ ጮኽኩበት። «ለለቅሶው አወጣሁት፤ ለለቅሶው ግማሽ ኃጢአት ገባሁ» አለኝ። «ያስቀመጠው እጅ ይውሰደው። ያለዚያ ሁለታችንም ሌባ ነን።» ልጄ ከሞተ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት። መለስኩለት። በኋላ የጻፍክለትንም ደብዳቤ አሳይቶኛል፤ «በደብዳቤ የሚወሰድ አማና የለም» ብሎ አጥፎ ከምንሽሩ ጋር አስቀመጠው። በየዓመቱ ረመዳን ሲገባ እያወጣ ዘይት ይቀባው ነበር። ያበደረህን ብር አንድ ቀን አንሥቶት አያውቅም። አሁን ልጁ ዐዚዛ ወርሳዋለች። «አባቴ ለአባይነህ እጅ ብሎኛል» ብላ ለእኔ እንኳ አታስነካኝም፤ የአባቷ ልጅ ናት።

ዝም ያልኩህ አውቄ ነው። እናቴን አሥራ ሁለት ዓመት አስጠበቅሃት፤ እኔም አሥራ ሁለት ዓመት ላስጠብቅህ ምዬ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ ላይ ደከመኝ። አው ሙሜን የቀበሩት ቀን፣ ቃል ጠባቂ ሁሉ እያለቀ ነው ብዬ ፈራሁ።

አገሩ ይህን ዓመት ደኅና አይደለም። ወታደሩ አድሟል፣ ሬድዮው ያጉረመርማል። በጅጅጋ መንገድ ሸራ የለበሱ ታንኮች ሲያልፉ ቤቴ ይንቀጠቀጣል፤ በሰማዩም የሚጮኸው አለ። ብትኖር ትቆጥረው ነበር። ከዚያ ሁሉ አንዱንም የምታውቅ እናት አላየሁም። እኔ የማውቀው ያንን አንዱን ነው።

አባይነህ፤ ስልሳ አራት ዓመትህ ነው፣ እግርህ አብጧል፣ ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ። ጅቡቲ ብትሞት ማን ስምህን ይጠራል? ተነሥተህ ና። ባቡሩ ድሬዳዋ የሚገባበትን ቀን ጻፍልኝ፤ ሰው እልክልሃለሁ። ከዐዚዛ እጅ በራስህ እጅ ተቀበል፤ አው ሙሜም መቃብሩ ውስጥ ይረፍ። የምትተኛበት የለገሠ ክፍል አለ።

ቀንህ ሲደርስም ምንሽሩ ተገልብጦ ይወጣልሃል፤ ድንኳኑ መሃል ቆሜ ስምህን የምጠራው እኔ ነኝ። እናቴን የነፈግሃትን እኔ አልነፍግህም።

እህትህ ገላነሽ